ከኢሙሌተሩ በስተጀርባ ያለው ሰው፡ አለን ቱሪንግ (1912-1954)

ለዚህ ዕትም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናዘጋጅ ሲነገረን እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ከአካባቢዬ ሰው ለመምረጥ ነበር፡፡ ያደግሁት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው፡፡ ከአርዲቦ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በትልቁ ሐይቅ ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩበትና መጻሕፍት ያሰባሰቡበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፡፡ ከጽሕፈት ጋር ስሙ የሚነሳ ታላቅ ሰው ለማግኘት እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፡፡ እንግሊዝ አገር የወሰደኝ የአያቴ ጥያቄ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ክረምት ለእረፍት ቤት ሄጄ አያቴ ስለ ልጅነታቸው የሚያጫውቱኝን በስልኬ እየጻፍኩ አስቀምጥ ነበር፡፡ ሠላሳ ገጽ ያህል ከሄድኩ በኋላ ስልኬ ወደቀና ስክሪኑ ተሰበረ፡፡ ጽሑፉ በኢንተርኔት አካውንቴ ላይ ስለነበር አልጠፋም፤ መቀጠል ግን አልቻልኩም፡፡ ከዘመድ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ተዋስኩ፡፡ ላፕቶፑ ላይ ያለው የአማርኛ መጻፊያ የላቲን ፊደል እየነኩ ግዕዝ የሚያወጡበት ዓይነት ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር እሱን አልለመድኩትም፡፡ ጣቴ የሚያውቀው የስልኬን ኪቦርድ ነው፤ ለ ን ስነካ ሰባቱም ቤት ተደርድሮ ይመጣል፣ የፈለግሁትን መርጬ አልፋለሁ፡፡ እና ምን አደረግሁ? ላፕቶፑ ላይ የአንድሮይድ ኢሙሌተር ጫንኩ፤ በኢሙሌተሩ ውስጥ ደግሞ ያንኑ የስልኬን ኪቦርድ አወረድኩ፡፡

ሞክሮ ለሚያውቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለማያውቅ ግን ሁለት ችግር እንደሚገጥመው ልንገረው፡፡ የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፡፡ የብዙ ስልኮች ፕሮሰሰር አርም የሚባለው ዓይነት ሲሆን የላፕቶፑ የኢንቴል ነው፤ ሁለቱ አንድ ቋንቋ አይናገሩም፡፡ ኢሙሌተሩ ለአርም የተጻፈውን ትእዛዝ ሁሉ እየተረጎመ መፈጸም ካለበት ኤሊ ይሆናል፡፡ ለኢንቴል የተዘጋጀውን የአንድሮይድ ዓይነት መርጦ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ባዮስ ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል፡፡ ያኔ አብዛኛው ትእዛዝ ያለ አስተርጓሚ ቀጥታ ስለሚያልፍ ሌላ ማሽን ይመስላል፡፡ ሁለተኛው ችግር ይበልጥ አስቂኝ ነው፡፡ ኪቦርዱን ጭነህ ስታበቃ ኪቦርዱ አይታይም! ለካ ኢሙሌተሩ የላፕቶፑን ቁልፎች እንደ ተሰካ እውነተኛ ኪቦርድ ስለሚቆጥራቸው የስክሪኑን ኪቦርድ ይደብቀዋል፡፡ በአንድሮይዱ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ተሰካ ኪቦርድ በሚናገረው ክፍል፣ የስክሪኑም ኪቦርድ አብሮ ይታይ የሚለውን መክፈት ብቻ ነበር መፍትሔው፡፡ እኔ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፡፡

አያቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና ስልኩ እዚያ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠየቁኝ፡፡ የለም፣ ስልክ የለም አልኳቸው፡፡ ስልክ ከሌለ ታዲያ የስልኩን ሥራ የሚሠራው ማነው ሲሉ ግን ዝም አልኩ፡፡ የኮምፒውተር ተማሪ ሆኜ መልስ አጣሁ፡፡ መልሱን ስፈልግ የደረስኩበት ሰው አለን ቱሪንግ ነው፡፡ (አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ዋናውን ሐሳቡን ሲያመነጭ ግን ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ስለነበር አንተ ማለቱ ቀለለኝ፡፡)

አለን ማቲሰን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ተወለደ፡፡ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 1904 ዓ.ም. መሆኑ ነው፡፡ አባቱ በእንግሊዝ የህንድ አስተዳደር ውስጥ የሚሠሩ ሹም ስለነበሩ ወላጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ህንድ ነበሩ፤ እሱና ታላቅ ወንድሙ ጆን በባሕር ዳርቻ ከተማ በአንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ቤት በአደራ አደጉ፡፡ በ13 ዓመቱ ሸርቦርን ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ሲላክ የመግቢያው ቀን በመላ አገሪቱ ከተጠራው የ1926ቱ የሥራ ማቆም አድማ ጋር ገጠመ፡፡ ባቡር የለም፡፡ ልጁ ብስክሌቱን አውጥቶ፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ትምህርት ቤቱ ደረሰ፡፡ እዚያም ሒሳብ ጎበዝ፣ የእጅ ጽሑፉ ግን የማይነበብ ነበር ይባላል፡፡

በትምህርት ቤቱ ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል እጅግ የሚወደው ጓደኛ ነበረው፤ ሳይንስ አብረው ይሠሩ፣ ኮከብ አብረው ይቆጥሩ ነበር፡፡ ክሪስቶፈር በየካቲት 1930 ሞተ፡፡ የገደለው ከላም ወተት የሚመጣ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት ነው፡፡ (ያልተፈላ ወተት በሚጠጣበት አገር ላደግን ሰዎች ይህን አንብቦ ማለፍ ቀላል አይደለም፡፡) አለን ከዚያ በኋላ ለጓደኛው እናት ለብዙ ጊዜ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፡፡ የሰው አእምሮ ከሥጋው ተለይቶ ሊኖር ይችል እንደሆነ መላልሶ ያስብ ጀመር፡፡ በኋላ ስለ ማሽንና ስለ ማሰብ ለጻፈው ሁሉ መነሻው ይህ ሐዘን ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔም እንደነሱ ይመስለኛል፡፡

በ1931 ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፤ በ22 ዓመቱ የኮሌጁ ፌሎው ሆኖ ተመረጠ፡፡ በ1935 ማክስ ኒውማን የሚባሉ መምህር ሲያስተምሩ አንድ ጥያቄ ሰማ፡፡ ጥያቄው የጀርመኑ የሒሳብ ሊቅ የዳቪድ ሂልበርት ሲሆን፣ ማንኛውም የሒሳብ አባባል ሲቀርብ ይረጋገጣል ወይም አይረጋገጥም ብሎ የሚወስን አንድ ቋሚ የአሠራር ዘዴ ይገኛል ወይ የሚል ነው፡፡ ቱሪንግ መልሱን የፈለገው ከሌሎቹ በተለየ መንገድ ነበር፡፡ መጀመሪያ ዘዴ ማለት ራሱ ምንድነው ብሎ ጠየቀ፡፡ በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ ኮምፒውተር ማለት ሰው ነው፤ ቢሮ ቁጭ ብሎ በእርሳስና በወረቀት የሚያሰላ ሠራተኛ፡፡ ቱሪንግ ያንን ሠራተኛ በሐሳቡ ወስዶ የማያስፈልገውን ሁሉ ገፈፈለት፡፡ የቀረው በካሬ የተከፋፈለ ረጅም የወረቀት ጥቅል፣ አንዱን ካሬ የሚያይ ዓይን፣ ያየውን የሚሰርዝና የሚጽፍ እጅ፣ እና ይህን ስታይ እንዲህ አድርግ የሚል የመመሪያ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፡፡

እዚህ ላይ ነው የአያቴ መልስ ያለው፡፡ ለአንድ ሥራ አንድ ሰንጠረዥ ካስፈለገ ለሺ ሥራ ሺ ማሽን ሊያስፈልግ ነው፡፡ ቱሪንግ ግን ሰንጠረዡ ራሱ በወረቀቱ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል አየ፡፡ የሌላውን ማሽን ሰንጠረዥ ከወረቀት እያነበበ፣ ያ ማሽን ቢሆን ኖሮ የሚያደርገውን ደረጃ በደረጃ የሚያደርግ አንድ ማሽን መሥራት ይቻላል፡፡ ሁሉን አቀፍ ማሽን ይሉታል፡፡ ሌላውን ለመሆን የሌላው ብረት አያስፈልገውም፤ የሌላው መግለጫ በትክክል ተጽፎ ከተሰጠው በቂ ነው፡፡ የአንድሮይድ ኢሙሌተር የተገነባው ፋብሪስ ቤላር የሚባል ፈረንሳዊ በ2003 ባወጣው ኪውኢሙ በተባለ ፕሮግራም ላይ ነው፡፡ ኪውኢሙም የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ የስልኩን ፕሮሰሰር ጠባይ ያውቃል፣ ስልኩ ግን የለም፡፡ ኪቦርዴ የጠፋብኝም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመግለጫው ላይ ይህ ስልክ የተሰካ ኪቦርድ አለው ተብሎ ስለተጻፈ ማሽኑ የተጻፈለትን አመነ፡፡

ለሂልበርት ጥያቄ የቱሪንግ መልስ አይቻልም የሚል ነበር፡፡ ጽሑፉ ለለንደን የሒሳብ ማኅበር የደረሰው እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን 1936፣ በእኛ ግንቦት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፡፡ ይህን ቀን ሳሰላ ትንሽ ደነገጥኩ፡፡ ጣሊያን ደሴን ከያዘ 43 ቀን፣ አዲስ አበባን ከያዘ ደግሞ 23 ቀን ሆኖት ነበር፡፡ ጃንሆይ በስደት እንግሊዝ የገቡት ጽሑፉ በደረሰ በሳምንቱ ነው፡፡ በአንድ አገር፣ በአንድ ሰሞን፡፡ የአሜሪካው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ እዚያው መልስ ላይ ቀደም ብሎ ደርሶ ስለነበር ቱሪንግ ወደ ፕሪንስተን ሄዶ ከእሱ ሥር ተማረ፤ በ1938 ዶክትሬቱን ይዞ አገሩ ተመለሰ፡፡

የጦርነቱ ዘመን በፊልም ስለታየ ብዙ አላወራበትም፡፡ እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች በማግሥቱ፣ መስከረም 4 ቀን 1939፣ ብሌችሊ ፓርክ ወደሚባለው የምስጢር ፈቺዎች ግቢ ገባ፡፡ ጀርመኖች የሚጻጻፉት ኢኒግማ በሚባል ማሽን ነበር፡፡ ይህም በሚገባ ኪቦርድ ያለው ነገር ነው፤ አንዱን ፊደል ስትጫን ሌላ ፊደል ይበራል፣ በየጭነቱም ውስጡ ይለዋወጣል፡፡ መጀመሪያ የፈቱት ፖላንዶች መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ማሪያን ሬየቭስኪና ጓደኞቹ ከ1932 ጀምረው ሲሠሩበት ቆይተው ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለእንግሊዞች አስረከቡ፡፡ ቱሪንግ ቦምብ የሚባለውን አዲስ የፍለጋ መሣሪያ ነደፈ፤ ጎርደን ዌልችማን አሻሻለው፤ የመጀመሪያው በመጋቢት 1940 ሥራ ጀመረ፡፡ የቱሪንግ ድርሻ በተለይ የጀርመን ባሕር ኃይል መልእክት ነበር፡፡ ኮሎሰስ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ማሽን እሱ ነው የሠራው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው፣ የሠሩት ቶሚ ፍላወርስ የሚባሉ የፖስታ ቤት ኢንጂነር ናቸው፡፡

ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር ልጨምር፡፡ ጣሊያኖች በምሥራቅ አፍሪካ የሚላላኩበትን ምስጢር እንግሊዞች በ1940 እና በ1941 በብዛት ያነቡት ነበር፤ ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የጠላት ጦር ሁኔታ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር ማለት ነው፡፡ ይህ የቱሪንግ እጅ ሥራ አይደለም፡፡ የእሱ ባልደረቦች ሥራ ግን እኛ ሰፈር ድረስ መጥቷል፡፡

በግቢው ውስጥ ጠባዩ ይወራ ነበር፡፡ የሻይ ኩባያውን እንዳይወሰድበት ከግድግዳ ማሞቂያ ጋር በሰንሰለት ያስረው ነበር፡፡ አበባ ሲፈነዳ ስለሚያስነጥሰው የጋዝ ጭምብል አድርጎ ብስክሌት ይነዳል፡፡ የብስክሌቱ ሰንሰለት ስንት ዙር ላይ እንደሚወልቅ ቆጥሮ ስለደረሰበት ከማስጠገን ይልቅ እየቆጠረ መንዳት መረጠ፡፡ ብሩን ጥፍጥፍ ብር ገዝቶ ቀበረና ከጦርነቱ በኋላ የቀበረበት ጠፋው፡፡

ሩጫውም አለ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የሚታዘበኝ አይጠፋም፡፡ በ1947 በአማተሮች ማራቶን 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ገብቶ 5ኛ ወጣ፡፡ በቀጣዩ ዓመት በለንደኑ ኦሊምፒክ ያሸነፈው ሰው ሰዓት ከሱ የሚሻለው በ11 ደቂቃ ግድም ብቻ ነው፡፡ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ካስመዘገበው ጋር ካወዳደርን ልዩነቱ ሰፊ ቢሆንም፣ ለሒሳብ መምህር ምንም አይልም፡፡

ከጦርነቱ በኋላ በብሔራዊ ፊዚካል ላቦራቶሪ ኤስ የሚባል ኮምፒውተር ነድፎ አቀረበ፤ መሥሪያ ቤቱ ሲጓተትበት ተሰላችቶ በ1948 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ፡፡ እዚያ ፍሬድ ዊልያምስና ቶም ኪልበርን ፕሮግራሙን በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር አስነስተው ነበር፡፡ ለቀጣዩ ማሽን የፕሮግራም መጻፊያ መመሪያውን ያዘጋጀው ቱሪንግ ነው፤ መመሪያውም ለማንበብ መከራ ነው ይባላል፡፡ ማሽኑ የሚቀበለው እንደ ቴሌፕሪንተር አምስት አምስት ቀዳዳ ያለው የወረቀት ጥብጣብ ነበር፡፡ አምስት ቀዳዳ ማለት 32 ምልክት ነው፡፡ የእኛ ፊደል 33 በ7፣ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ሳንቆጥር 231 ነው፤ አምስት ቀርቶ ሰባት ቀዳዳ እንኳ 128 ስለሚሆን አይበቃውም፣ ቢያንስ ስምንት ይፈልጋል፡፡ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲደክሙ የገጠማቸውም ይኸው የቦታ ጥበት ነው፡፡ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፡፡ ማሽኑ ሁሉን መሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በ1936 ተጽፎ፣ የእኛ መግለጫ እስኪጻፍለት ግን 63 ዓመት ጠበቅን፡፡

በ1950 ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሳበትን ጽሑፍ አሳተመ፡፡ ስለዚህኛው በሌላ ኮርስ ስለተማርን አልደግመውም፡፡ እኔን ይበልጥ የገረመኝ የቼዝ ጨዋታው ነው፡፡ ከጓደኛው ከዴቪድ ሻምፐርናውን ጋር ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፉ፤ የሚያስኬደው ኮምፒውተር ግን ገና አልነበረም፡፡ በ1952 ቱሪንግ ራሱ ማሽኑን ሆኖ ቁጭ አለ! በወረቀት የተጻፈውን ደንብ እየተከተለ፣ የራሱን ሐሳብ ሳይጨምር፣ ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እያሰላ ከባልደረባው ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጫወተ፡፡ ፕሮግራሙ በ29ኛው እርምጃ ተሸነፈ፡፡ ኮምፒውተር የሌላ ኮምፒውተር ኢሙሌተር ይሆናል፤ ሰው ገና ላልተሠራ ኮምፒውተር ኢሙሌተር ሲሆን ያየሁት እዚህ ነው፡፡

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን፡፡ ረቂቁን ያነበበ አንድ ጓደኛዬ ይህን ብዘለው እንደሚሻል መክሮኝ ነበር፡፡ አስቤበት አልዘለልኩትም፤ የሰውዬውን ሞት ጽፎ ምክንያቱን መደበቅ የሕይወት ታሪክ መጻፍ አይመስለኝም፡፡ በጥር 1952 ቤቱ ተዘረፈ፡፡ ለፖሊስ ሲያመለክትና ቃሉን ሲሰጥ ከአንድ ወጣት ወንድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሳይደብቅ ተናገረ፡፡ ይህ በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነበር፤ በእኛ ሕግም ወንጀል እንደሆነ እናውቃለን፡፡ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት ከእስራትና ከሆርሞን መድኃኒት እንዲመርጥ ተደረገ፡፡ መድኃኒቱን መረጠ፤ ለአንድ ዓመት ወሰደው፤ ሰውነቱም ተለወጠ፡፡ አገሩን በምስጢር ያገለገለበት የመንግሥት ፈቃድ ተነጠቀ፡፡ አንባቢ በጉዳዩ ላይ ያለው አቋም የየራሱ ነው፤ አንድን ሰው በመርፌና በኪኒን ሌላ ሰው ለማድረግ መሞከርን ግን እኔ በበኩሌ ፍትሕ ልለው አልቻልኩም፡፡

በነዚያ ዓመታትም ሥራውን አላቆመም፡፡ የነብር ነጥብና የእንስሳት ቆዳ መስመር በሁለት ኬሚካሎች መስተጋብርና መሰራጨት ብቻ እንዴት ሊፈጠር እንደሚችል በ1952 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የባዮሎጂ ሰዎች የሚጠቅሱት ነው፡፡

ሰኔ 7 ቀን 1954፣ በእኛ ግንቦት 30 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ዊልምስሎ በሚገኘው ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሞተ፡፡ በማግሥቱ የቤት ሠራተኛው አገኙት፡፡ ከአልጋው አጠገብ የተገመሰ ፖም ነበር፤ ፖሙን ግን ማንም አልመረመረውም፡፡ መርማሪው ራሱን አጠፋ ብሎ ወሰነ፡፡ እናቱ ግን ቤቱ ውስጥ በኬሚካል ሲሞክር በአደጋ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ፡፡ 42 ዓመት ሊሞላው 16 ቀን ቀርቶት ነበር፡፡

እናቱ በ1959 የልጃቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው አሳተሙ፡፡ ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ በትክክል ምን እንደሠራ ግን እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ የብሌችሊ ፓርክ ምስጢር በሰፊው መታወቅ የጀመረው በ1974 ነው፡፡ በኮምፒውተር ሙያ ትልቁ ሽልማት ከ1966 ጀምሮ በስሙ ይሰጣል፡፡ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2009 ስለተፈጸመበት ነገር በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 ንግሥቲቱ ምሕረት አደረጉለት፤ ከ2021 ጀምሮ ምስሉ በ50 ፓውንድ ኖት ላይ አለ፡፡

ለአያቴ የቼዙን ነገር ነገርኳቸው፡፡ ሰውዬው ማሽን ሳይኖር ወረቀት እያየ የማሽኑን ሥራ እንደሠራ፣ ላፕቶፑም የስልኬን ወረቀት እያየ የስልኬን ሥራ እንደሚሠራ አድርጌ ለማስረዳት ሞከርኩ፡፡ መልሱ ያጠገባቸው አይመስለኝም፡፡ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰባቸው ልጁን በባዕድ ቤት ትተው ህንድ የሄዱት ወላጆቹ ነገር ነው፤ ስለነሱ ደጋግመው ጠየቁኝ፡፡ ከዚያ ወደራሳቸው ወሬ ተመለሱ፣ እኔም በኢሙሌተሩ ላይ በማውስ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ካቆምንበት ቀጠልኩ፡፡